መርፌውማ ተሰጥቶታል

ክረምት ላይ ነው፤ ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠናል። የሟች ታላቅ ወንድም ወደ ድንኳኑ ለሚገባው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ «ያላደረጉለት የለም፤ አራት መርፌ ወግተውታል።» ለቀስተኛው ራሱን ይነቀንቃል። አጠገቤ የተቀመጠችው የሰፈራችን ልጅ ብቻ አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች። በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ስንወጣ የምን መርፌ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አድሬናሊን ነው፤ ልብ ሲቆም የሚሰጥ» አለችኝ። «አንዳንዴ የምወጋው ለበሽተኛው ይሁን ለቤተሰቡ ለራሴም አይገባኝም።»

ይህ አባባሏ ለወራት አልለቅ አለኝ።

መድኃኒቱ የመጣው ከኩላሊት አናት ላይ ከምትቀመጥ ትንሽ እጢ ነው። ከከብት እጢ ንጥሩን ያወጣው ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ሲሆን፣ በ1900 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ ከረዳቱ ከኬይዞ ኡዌናካ ጋር ሲሠራ ነበር። ፓርክ ዴቪስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ «አድሬናሊን» ብሎ ሸጠው፤ ታካሚኔም ሀብታም ሆነ። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን በየፀደዩ ከሥሩ ቆመው ፎቶ የሚነሡበት የቼሪ ዛፍ የዚሁ ሰው እጅ አለበት። ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ ስም የተላከው የመጀመሪያው ጭነት ተባይ ተገኝቶበት በ1910 ተቃጠለ። በ1912 ሦስት ሺህ ያህል ችግኝ እንደገና ሲመጣም ወጪው ከታካሚኔ ኪስ ነበር።

ክራይል እና ዶሊ የተባሉ አሜሪካውያን በ1906 ልባቸው የቆመ ውሾችን ደረት እየተጫኑ አድሬናሊን ሰጧቸው። ፒርሰን እና ሬዲንግ በ1960ዎቹ ሙከራውን አጠናከሩት፤ መድኃኒቱን ካገኙት ውሾች አብዛኞቹ ነቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሚሊግራም በየሦስት እስከ አምስት ደቂቃ መስጠት የሕክምና መመሪያ ሆኖ ቀረ። ለሰው መድኃኒት ከሌለበት ባዶ መርፌ ይሻል እንደሆነ በወጉ የተፈተነ ነገር ግን አልነበረም። አውስትራሊያ ውስጥ ሊፈትኑት ሲነሡ «እንዴት መድኃኒት ይነፈጋል?» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ የአምቡላንስ አገልግሎቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሺዎችን ሊያሳትፍ የታሰበው ጥናት በ534 ሰው ተጠናቆ በ2011 ታተመ።

መልሱን ያገኙት እንግሊዞች ናቸው። በ2014 መጨረሻ ጀምረው፣ የለንደንን ጨምሮ በአምስት የአምቡላንስ አገልግሎቶች ልባቸው የቆመ ከ8,000 በላይ ሰዎችን አጠኑ። ግማሹ አድሬናሊን፣ ግማሹ የጨው ውሃ ተወጋ። የወደቀ ሰው ፈቃድ አይጠየቅምና፣ መሳተፍ የማይፈልግ አስቀድሞ የእጅ አምባር እንዲያደርግ ተነገረ። ውጤቱ በ2018 ወጣ። አድሬናሊን ከወሰዱት 36 በመቶው ልባቸው እንደገና መታ፤ ከጨው ውሃዎቹ 12 በመቶ ያህሉ ብቻ። ከ30 ቀን በኋላ በሕይወት የነበሩት ግን 3.2 እና 2.4 በመቶ ናቸው። አእምሯቸው ደኅና ሆኖ ከሆስፒታል የወጡት ደግሞ 2.2 እና 1.9፤ ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም። ከተረፉት መካከል ጉዳቱ የከፋባቸው ከአድሬናሊኖቹ 31 በመቶ፣ ከሌሎቹ 18 በመቶ ገደማ ሆኑ።

መድኃኒቱ የደም ሥርን አጥብቦ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል፤ የአንጎል ቀጫጭን ሥሮች ግን በዚያው ሊራቡ ይችላሉ።

ቁጥሮቹን ለነርሷ ነገርኳት። አልደነቃትም። «ልቡ ይመለሳል፤ ሞኒተሩ ላይ ታየዋለህ። በር ላይ ያሉት እልል ይላሉ። ሰውየው ግን አልተመለሰም። ሦስት ሳምንት ቬንቲሌተር ላይ ይተኛል፤ እነሱ መኪናቸውን ይሸጣሉ፤ ከዚያ ይቀብሩታል። እልል ያሉትን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ታዲያ ለምን ትወጊያለሽ?

«አንዳንዱ በእግሩ ይወጣላ! ለዚያ አንዱ ነው የምወጋው። ደግሞስ አምፑሉ እጄ ላይ እያለ እጄን አጣጥፌ ልቁም?»

ልብ ሲቆም የሚሰጡት ሌሎቹ መድኃኒቶች ዕጣቸው የባሰ ነው። አትሮፒን በ2010 ከመመሪያው ወጣ። አሚዮዳሮን እና ሊዶካይን በ2016 በወጣው ትልቅ የሰሜን አሜሪካ ጥናት በጥቅሉ ከባዶ መርፌ ብዙም አልተለዩም። የእንግሊዞቹ ጥናት አዘጋጆች ራሳቸው አንድ ስሌት አስፍረዋል፦ በአድሬናሊን አንድ ነፍስ ለማትረፍ 112 ሰው መወጋት አለበት፤ አላፊ አግዳሚ ደረት ሲጫን 15፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያነቃው ዲፊብሪሌተር በፍጥነት ሲደርስ 5 ሰው ይበቃል።

እኛ ጋ ስንት አምቡላንስ ዲፊብሪሌተር ይዞ እንደሚወጣ ልጠይቅ አንድ የሥራ ኃላፊ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤውን ስወስድ ስብሰባ ናቸው። በሦስተኛው ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው፤ «እሱን ሕዝብ ግንኙነት ይመልስልሃል» ብለውኝ ወደ ሊፍቱ ገቡ። ሕዝብ ግንኙነቱ እስካሁን አልመለሰም።

እስከዚያው ሰው ሲወድቅ ውሃ እንረጭበታለን፤ ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር እንይዛለን፤ ራይድ እንጠራለን። «ጎረቤታችንም ሲመጣ ደረቱን የነካው አልነበረም» አለችኝ ነርሷ። «እኛ ጋ ሲደርስ የቀረው መርፌ ብቻ ነው።»

በአርባው ተዝካር ላይ ታላቅ ወንድምየው እንግዳ እያስተናገዱ ዳግመኛ ጀመሩ፤ «አራት መርፌ…» ብለው ወደ ነርሷ ዞሩ፤ «አይደለም እንዴ ልጄ?»

ጠላ እየቀዳች ነበር። ቀና አላለችም።

«አዎ ጋሼ፣ አራት» አለቻቸው።