ፊቱ የሚሠራው እንዲታወቅ ነው

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ የአንድ ቤት ጓሮ ሲቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች የተጠቀለለ ምንጣፍ አገኙ። ውስጡ የሰው አፅም ነበር። ባለሙያዎች መርምረው የ15 ዓመት ገደማ ልጅ እንደሆነች ተናገሩ፤ ማንነቷን ግን የሚያውቅ ጠፋ። የማንችስተር ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ኒቭ ከራስ ቅሏ ተነስቶ ፊቷን በጭቃ ሠራው። ምስሉ ለሕዝብ ሲቀርብ በሕይወት ሳለች የሚያውቋት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ለፖሊስ ደወሉ።

የዚህ ሙያ ዓላማ ያቺ የስልክ ጥሪ ናት።

ዛሬ የጭቃውን ሥራ በአብዛኛው ኮምፒውተር ተረክቦታል። የራስ ቅሉ በሲቲ ስካን ይነሳና ስክሪን ላይ በየአቅጣጫው የሚዞር ምስል ይሆናል፤ አፅሙ አይነካም፣ የተሳሳተውም ወዲያው ይታረማል። ባለሙያው መጀመሪያ ዕድሜንና ፆታን ከአጥንቱ ይለያል። ቀጥሎ የሥጋውን ውፍረት የሚያሳዩ ምልክቶች በየቦታው ይተክላል። ልኮቹ የተገኙት በሕይወት ካሉ ሰዎች ላይ በአልትራሳውንድና በስካን ነው፤ ግንባር ላይ ሥጋው 5 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ጉንጭ ላይ እጥፍ ድርብ ይወፍራል። ከዚያ ጡንቻው አንድ በአንድ፣ በመጨረሻም ቆዳው ይለብሳል። አንዳንዶች የሚሠሩበት ብዕር መሰል መሣሪያ አጥንቱ ጋ ሲደርስ እጅን ይገታል፤ ስክሪን ላይ ያለውን ቅል በጣት የመዳሰስ ያህል ነው።

አጥንት ግን ሁሉን አይናገርም። የዓይን አቀማመጥና የአፍንጫ ስፋት ከቅሉ ይገመታሉ፤ የፀጉርና የዓይን ቀለም፣ ውፍረትና ክሳት ግን አይነበቡም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሌስተር ከመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የዚህ ሙያ ባለሙያ የሆነችው ካሮላይን ዊልኪንሰን በኮምፒውተር የሠራችው ፊቱ በ2013 ሲታይ ፀጉሩ ጠቆር ያለ ነበር። በ2014 የታተመው የዲኤንኤ ጥናት ግን ዓይኑ ሰማያዊ የመሆን ዕድሉ 96 በመቶ፣ ፀጉሩም ቢያንስ በልጅነቱ ወርቃማ የመሆን ዕድሉ 77 በመቶ እንደሆነ አሳየ። የአጥንቱ ቅርፅ ያው ነው፤ የተቀየረው ቀለሙ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምስል ብቻውን ማስረጃ ሊባል አይገባም። የካርዲፏ ልጅ ማንነት የተረጋገጠው በጥርሷ መዝገብና ከወላጆቿ ጋር በተነጻጸረ ዲኤንኤ ነው። የጠፋ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ የጥርስ ራጅ ካለው፣ ጥርሱ የሚታይበት ፎቶም ካላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት፤ አንድ ቀን ስሙን የሚመልስለት እሱ ሊሆን ይችላል።