ወደ ባሕር የወረደ ሰው ደሙ ምን ያተርፋል?

በካዛንቺስ ቡና ቤቶች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ከርሞ፣ በመጨረሻም በአንድ የጉዞ ወኪል ማስታወቂያ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ያነበብነው ወሬ አለ፤ ይኸውም የባሕር ጠረፍ አየር ከአዲስ አበባው ይልቅ «እጥፍ ኦክስጅን» እንዳለው፣ በጅቡቲ ወይም በሞምባሳ ጠረፍ ቤት ተከራይቶ ጥቂት ቀን ያረፈ ሰውም ለወራት የሚበቃውን በደሙ ቋጥሮ እንደሚመለስ የሚያትት ነው። ዕረፍቱ መልካም ነው፤ ዓመት ሙሉ ገንዘቡን ሲያጠራቅም ለኖረ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለ ተረት መሸጥ ግን ነውር ነው።

አየር በካዛንቺስም ሆነ በቀይ ባሕር ዳር ከመቶው 21 እጅ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ የሚለያየው ክብደቱ ብቻ ነው። በጠረፍ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚመዝነው የአየር ግፊት፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሰፈራችን ወደ 580 ይወርዳል፤ ስለዚህ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው የሚጨመርለት ሲሶ ያህል እንጂ እጥፍ አይደለም። ይህን ማንም ተማሪ በእርሳስ ሊያሰላው ይችላልና አልዘገይበትም።

ዋናው ምሥጢር ያለው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሲሶ የተጨመረለት አየር በደም ውስጥ ሲሶ ኦክስጅን አይጨምርምና። በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት (መምህራን «ከፊል ግፊት» የሚሉት፣ ግማሽ ግፊት ማለት እንዳይመስልብን የምሰጋለት ስም) በጠረፍ 100፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኦክስጅንን ተሸክሞ ወደ አካል የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን አራት መቀመጫ አለው፤ የመጀመሪያው መቀመጫ ሲያዝ የቀሩት በቀላሉ የሚያዙ በመሆናቸው፣ የፊዚዮሎጂ ሊቁ ክሪስቲያን ቦር ከባልደረቦቹ ጋር በ1904 እ.ኤ.አ. ደም በየግፊቱ ምን ያህል እንደሚሞላ በሥዕል ያሳየበት መስመር ከታች ለጥ ብሎ ይጀምርና፣ በመካከል ሽቅብ ወጥቶ፣ ከላይ እንደ ገና ለጥ ይላል። በካዛንቺስ ታክሲ ተራ ሰባ ሰው ቢሰለፍም መቶ ቢሰለፍም ሚኒባሱ መሙላቱ አይቀርም፤ ሠላሳ ተሳፋሪ ስለ ተጨመረ ረዳቱ አዲስ ወንበር አይወልድም። ከዚህም የተነሣ በአዲስ አበባ ከመቶው ከ93 እስከ 95 እጅ የሞላው ደም በጠረፍ ከ97 እስከ 98 ቢደርስ ነው፤ እጥፍ ተብሎ የተነገረው ሁሉ ወደ ጥቂት መቶኛ ይወርዳል። ይኸው መስመር በመካከሉ ቀጥ ያለ በመሆኑ ደግሞ፣ ግፊቱ 40 ገደማ ወደሆነበት ወደ ሥጋችን ሲደርስ ሄሞግሎቢኑ የያዘውን በልግስና ይለቃል፤ ይህን ድርብ ባሕርይ ባሰብሁት ቁጥር ያስደንቀኛል።

«ቋጥሮ መመለስ» የሚባለው ደግሞ ጨርሶ መሠረት የለውም። በአካላችን በማናቸውም ጊዜ ያለው ኦክስጅን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ሩብ ሊትር ስለሚፈጅ፣ ወራቱ ቀርቶ ሩብ ሰዓት እንኳ አያቆይም። ይልቁንም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ አየር ሲከብድ ኩላሊት ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ የሚያዘውን ኤሪትሮፖይቲን ይቀንሳልና፣ ሳምንታት በጠረፍ የሰነበተ ደገኛ አትሌቶቻችን በእንጦጦና በሱሉልታ የሚሹትን የደም ብልጽግና ቀስ በቀስ ያጎድላል። ጉድለቱ ሕዋሳቱ ስለሚፈርሱ ነው ወይስ አዳዲሶቹ ስለሚቀንሱና የደሙ ውኃ ስለሚበዛ የሚለው ግን በጠቢባን መካከል ገና አልተቆረጠም፤ ለአጭር ዕረፍትም ይህ ሁሉ ከቁጥር አይገባም።

ስለ ደጋው ሰው ደም ስንናገርም ጥንቃቄ ይገባናል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ሙላት ከመቶው 95.3፣ ሄሞግሎቢናቸውም ከጠረፍ ሰው ያልራቀ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ግን በአማራና በኦሮሞ ደገኞች መካከል የሄሞግሎቢን ልዩነት አሳይተዋል፤ የየትኛው ጂን ሥራ እንደሆነም ክርክሩ አልቆመም። ስለዚህ «የሐበሻ ደም» እያሉ በጅምላ መናገር፣ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ይወዱታልና፣ ከማስታወቂያው ስሕተት ብዙ አይርቅም።

ታዲያ ጠረፉ ምን ይሰጣል? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበራቸው ምጽዋ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ በሌላ አገር ውስጥ ስለሆነች፣ የዛሬው ዕረፍተኛ ወይ በ2010 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ወይም 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ላንጋኖን እንደ ባሕር ቈጥሮ ይመለሳል። በጠረፍ አየሩ ስለሚከብድ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በእኛ ጓዳ ግን በ92 ገደማ ስለሚፈላ ባቄላው የሚበስለው ዘግይቶ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጠረፉ ምድሪቱ ከባሕሩ ይልቅ ፈጥና ስለምትግል በላይዋ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በቦታውም ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለው ነፋስ ይገባል። ቤት የሚከራይ ሰው ስለ ኦክስጅን መጠየቁን ትቶ፣ መስኮቱ ወደ ባሕሩ ይከፈት እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻለዋል።