አሶሳ መጥታችሁ የሰው ቤትና ውሻ ልትጠብቁ ላሰባችሁ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ህዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «አሶሳ ሙቀቱ ይቻላል?» ነበር። አሁን «ለእረፍት የሚወጣና ቤቱን የሚያስጠብቅ ሰው አታውቅም? ውሻ ካለውም እይዝለታለሁ፤ በዚያው ግድቡን አየዋለሁ» የሚለው በዝቷል። ሐሳቡን አልጠላሁትም። እዚህ ለሥራ የመጣ ሰው ብዙ ነው። መምህሩ ክረምት ላይ አገሩ ይገባል፣ የቢሮ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ይወስዳል፣ ግድቡ ያለበት ጉባ ላይ የሚሠራው ደግሞ ቤቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ቤት ተቆልፎ ከሚከርም ሰው ቢያድርበት፣ ውሻውም ሰንሰለት ላይ ሆኖ የጎረቤት እጅ ከሚጠብቅ አብሮት የሚውል ቢያገኝ ለሁሉም ይበጃል። እኔም ከተማዋን የለመድኳት የሰው ቤት እየጠበቅኩ ነው።

የሚያሳስበኝ ጥያቄው ውስጥ ግድቡ ፊት፣ ውሻው ጭራ ላይ መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አደራ የምትቀበሉ ከሆነ ከተማውን በውሻው በኩል ሆናችሁ እዩት። ቢታመም ማን ያየዋል? ምን ይበላል? አጥር ሾልኮ ቢወጣ ጎረቤት ምን ይለዋል? እነዚህን ሳታውቁ ሐይቅና አየር ጠባይ አታማርጡ።

እንዲህ ከተባለ ለጀማሪ የምመክረው አሶሳን አይደለም፤ ቢሾፍቱን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው። ለአገሪቱ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምም እዚያው ነው። ግቢ ያለው ቤት አለ፣ አየሩ መካከለኛ ነው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር አዲስ አበባ ቅርብ ናት። ሐይቆቹ ምርቃት ናቸው። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያና ሐዋሳም የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሏቸው መጥፎ ምርጫ አይደሉም። አዲስ አበባ ሐኪሙ ሞልቷል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ውሻ ግን በቀን ስንት ጊዜ ደረጃ እንደሚያስወጣችሁና እንደሚያስወርዳችሁ አስቡት፣ የጎረቤቱን ንጭንጭ ሳንጨምር። ሐረርን የምትወዱ ካላችሁ ጅቡ ለቱሪስት ደስ እንደሚል፣ ውጭ ለሚያድር ውሻ ግን ደስ እንደማይል አትርሱ።

የትም ሂዱ፣ «የእንስሳት ክሊኒክ አለ» መባሉ ብቻውን አይብቃችሁ። አገራችን በአፍሪካ ብዙ ከብት ካላቸው አገሮች የፊተኛዋ ናት፤ ሐኪሞቻችንም በዋናነት የሚሠለጥኑት ለበሬውና ለላሟ፣ ለበጉና ለዶሮው ነው። ስለዚህ ደውላችሁ «ውሻ ታያላችሁ? የእብድ ውሻ ክትባት አሁን አላችሁ? ፍሪጁ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልቆየ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ ያኔ መርፌው ከመውጋት በቀር የሚሠራው ነገር የለም።

አሁን ወደ አሶሳ። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በመኪና የሚመጣው በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ ነው፤ ይህ መንገድ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት አስተማማኝ ያልነበረባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። አውሮፕላን አለ። ይህን የምነግራችሁ ለመንገደኛው ብዬ አይደለም፤ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ከተማው ውስጥ ከሌለ የሚመጣውም በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው።

ደጋ ያደገ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ገንዲ ነው። ከብት አርቢውን ብትጠይቁት ያብራራላችኋል። በቆላ ዝንብ ንክሻ ወደ ደም የሚገባ ጥቃቅን ተውሳክ ያመጣዋል፤ በሬውን ያከሳዋል፣ አህያዋን ይጥላታል። በዓባይ፣ በዳቡስና በዴዴሳ ተፋሰስ ዝንቡ የታወቀ ነው፤ ጥላና ቁጥቋጦ ያለበትን የወንዝ ዳር ይወዳል። ውሻም ይይዘዋል። ይተኩሰዋል፣ ምግብ ይተዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ አንዳንዴም ዓይኑ ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጉም ይጋረዳል። ያን ጉም ያየ ጀማሪ «አቧራ ገብቶት ነው» ብሎ በውሃ ሲያጥብ ሊሰነብት ይችላል። ዓይኑ የደፈረሰ ቆላ ውሻ ደሙ ይመርመር። የራሳችሁን ውሻ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ለመምጣት ያሰባችሁም አላችሁ፤ የኔ ምክር አታምጡት ነው። እዚህ የተወለደውን ጠብቁ፣ ወንዝ ዳርም አትውሰዱት።

የእብድ ውሻ በሽታ የትም ከተማ ያው ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ከበሽታው በፊት ግን ክትባቱ ያስጥላል። ሰዎችን በዚህ በሽታ ከሚገድሉት ንክሻዎች 99 በመቶ ያህሉ የውሻ ናቸው። አደራ ከመቀበላችሁ በፊት የክትባት ካርዱን በዓይናችሁ እዩ፤ «ተከትቧል» የሚለው ቃል ካርድ አይደለም። ካርዱ ከሌለ ባለቤቱ ሳይሄድ ያስከትብ። ብትነከሱ ወይም ብትቧጨሩ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻውን አትግደሉት፣ አስራችሁ 10 ቀን ይታይ። በ10ኛው ቀን ደህና ከሆነ ሲነክሳችሁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። እናንተ ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀኑን አትጠብቁ።

ስለ ጎረቤት ብዙ አልልም፣ ግን ወሳኝ ነው። አሶሳ በርታው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ የመጣው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ የሚኖርባት ናት። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ጎረቤታችሁ ልብሱን ውሻ እንዲልስበት አይፈልግም። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻውን ግቢ እንጂ ሳሎን አያስገባም። ስለዚህ ፊልም ላይ እንዳያችሁት ውሻ ሶፋ ላይ አስተኝታችሁ ፎቶ ብትለጥፉ የሚደነቅላችሁ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ ይቆጣል። በደረሳችሁ በመጀመሪያው ቀን ግራና ቀኝ ያሉትን እናቶችና አባቶች «እማማ፣ ጋሼ፣ የእገሌን ቤት የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብላችሁ ሰላም በሉ። ያ ሰላምታ ውሻው ባመለጠ ቀን ይከፍላል። ያመልጣል ደግሞ! እዚህ አጥሩ ብዙ ጊዜ የቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃው ከሥሩ ሲበሰብስ ለሰው የማይታይ ለውሻ ግን በር የሆነ ቀዳዳ ይከፈታል። በክረምት በየሳምንቱ አጥሩን ዞራችሁ እዩ። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይኑረው። በከተሞቻችን ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ የማስወገድ ዘመቻ የተለመደ ነው፤ መርዝ ደግሞ ባለቤት ያለውን አይለይም።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። አንድ ጋሼ ስለ ውሻቸው ስጠይቃቸው «እሱ ምን ችግር አለበት፣ የቀረበለትን ይበላል» አሉኝ። ችግሩ እዚያው መልሱ ውስጥ ነበር። የሚቀርብለት ምንድን ነው? የወጥ ትራፊ። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይቆምም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ፤ መብሰሉም መርዙን አያጠፋውም። አንድ ባለ 20 ኪሎ ውሻ ወደ 100 ግራም ሽንኩርት ባንድ ጊዜ ቢበላ ሊታመም ይችላል፣ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሲሆን ደግሞ ይጠራቀማል። የቀይ ወጥ ድስት የሚልስ ውሻ ደሙ ሲያንስ ሰው «ገንዲ ነው» ይላል፤ ሊሆን ይችላል፣ ድስቱም ሊሆን ይችላል። እንጀራ ይብላ፣ ሩዝ ይብላ፣ የተቀቀለ ሥጋ ይብላ፤ ወጡን ግን ለሰው ተዉት።

ሁለተኛው ሥጋ ቤት ነው። ለውሻ የሚገዛው ሳንባው፣ ጉበቱና ቅንጥብጣቢው ነው፣ ርካሽ ነውና። ጥሬውን አትስጡ። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ ያዘሉ እብጠቶች አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ያ የውሻ ኮሶ እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትሉ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ በእጃችሁ ወደ አፋችሁ ከመጣ ያው እብጠት እናንተ ጉበት ላይ ይበቅላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ይቀቀል፣ ውሻው የትል መድኃኒት ይውሰድ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ከተማ ስታወዳድሩ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። አብዛኛው ነዋሪ በሚጾምበት የደጋ ከተማ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ የወጥ ቤቱ ትራፊ ሽሮና ምስር ይሆናል፤ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር በመጋቢት ውሻ የምትጠብቁ ከሆነ ሥጋውን ቀድማችሁ አስቡበት። አሶሳ የሙስሊም ሥጋ ቤት ስላለ በሁዳዴም ታገኛላችሁ። በረመዳን ደግሞ ከተማው ሰዓቱን ወደ ማታ ያዞራል፤ ሌሊቱን ሰው ስለሚንቀሳቀስ ጠባቂ ውሻ የበለጠ ይጮኻል። ቀድማችሁ ካወቃችሁት አያስደነግጥም።

ሙቀቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይከብዳል። ውሻ እንደ ሰው በላቡ አይቀዘቅዝም፤ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። የሰውነቱ ሙቀት በደህናው ጊዜ ወደ 39 ዲግሪ የተጠጋ ስለሆነ ለተጨማሪ ሙቀት ብዙ ቦታ የለውም። እኩለ ቀን ላይ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልት ላይ አድርጉ፤ ካልቻላችሁት እሱም አይችለውም። ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ውሃ አስቀምጡለት፣ ሰንሰለቱ ፀሐዩ ሲዞር ጥላውን ተከትሎ የሚሄድበት ርዝመት ይኑረው።

ግድቡስ? መታየት ያለበት ነገር ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል በሬዲዮ የሰማን ሰዎች 145 ሜትር ከፍታ፣ 1,780 ሜትር ርዝመት ያለውን ኮንክሪት ቆመን ስናይ የሚሰማን ሌላ ነው። ውሻውን ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ከግድቡ ኋላ ያለው የንጋት ሐይቅ ሲሞላ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ነው፤ አሶሳ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር ጉባ ስትደርሱ ከአሶሳው 5 ወይም 6 ዲግሪ ተጨምሮበት ይጠብቃችኋል። ሙቀቱም፣ የመኪናው ጉዞም፣ የወንዙ ዝንብም አንድ ላይ ይሆንበታል።

ስለዚህ ግድቡን ለማየት የምታስቡ ከሆነ ገና ስትስማሙ ለባለቤቱ ንገሩት፣ ሄዳችሁ ስትመለሱ ውሻውን ማን እንደሚያይ አብራችሁ ወስኑ። በዚያው የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ስልኩ ባይሠራ እስከ ስንት ብር ድረስ ሳትጠይቁ ማሳከም እንደምትችሉ በቴሌግራም ጻፉት፣ በቃል አይቅር። የሚመግበው የጎረቤት ልጅ ከሆነ ውሻው እናንተ እያላችሁ አብሮት ይላመድ፤ ልጁም ሽንኩርት እንዳይሰጠው ንገሩት። የቤቱን ቁልፍ ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትስጡት፤ ምግቡን በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።