ቄቧን ለመሸጥ አትቸኩሉ

በሞላሌ አካባቢ ቄብ የተሰጣት አንዲት እናት «እህል ትጨርሳለች እንጂ እንቁላል አትጥልም» ብላ ዶሮዋን ለገበያ ልታወጣት ትችላለች። ከዶሮዋ ጋር የልጆቿ ደብተርና የጨው መግዣም ይሄዳል።

ውድ ወገኖች፣ ቄብ ጊዜ አላት። የተሻሻለው ዝርያ መጣል የሚጀምረው በ5 ወር ገደማ ነው፤ ያገሬው ዶሮ ግን ከዚያ ይዘገያል። ኩክኒዋ ተልቆ ሲቀላ ቀኗ ቀርቧል።

መንዝ ብርድ ነው። ዶሮ የበላችው አስቀድሞ ገላዋን ለማሞቅ ይውላል፤ ለእንቁላል የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ማደሪያዋ ከነፋስና ከውርጭ ይጠበቅ። ገብስ ብቻውን አይበቃትምና ተቆልቶ የተፈጨ ባቄላና የጎመን ቅጠል ይጨመርላት። ለእንቁላሉ ጥንካሬ የእንቁላል ቅርፊት ተቆልቶና ደቅቆ ከመኖዋ ይቀላቀል። ከእንቁላል ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ስለሆነ ንጹሕ ውሃ ከፊቷ አይታጣ። ጨለም ባለ ጥግም ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ይቀመጥላት።

የፕሮጀክት ሠራተኞችም ቄብ አድለን ብቻ አንመለስ። የፈንግል ክትባት ማግኘቷን እንከታተል፤ በየቤቱም ገብተን ማደሪያዋንና መኖዋን እንይ። ለእንስሳ መራራት የጻድቅ ሰው ጠባይ መሆኑን ምሳሌ 12፥10 ያስተምረናልና።