«እሰማለሁ፤ አልናገርም»፦ ኮልፌ የተወለዱት የአገር ቤት ልጆች

ኮልፌ ያደገ ልጅ «ጉራግኛ ትችላለህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ከአጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ አንድ ነው፤ «እሰማለሁ፤ አልናገርም።» የስልጤውም፣ የጋሞውም ልጅ ይህችኑ ይደግማታል። አያቱ በቋንቋዋ ውሃ አምጣ ስትለው ያመጣል፤ ስትቆጣው ይገባዋል፤ ስትመርቀው አሜን ይላል። የሚመልስላት ግን በአማርኛ ነው። እንዲህ እየተነጋገሩ ዓመታት ያሳልፋሉ፤ አንዳቸውም ነገሩን እንግዳ አድርገው አያዩትም።

ይህ ዳሰሳ ስለ እነዚህ ልጆች ነው። ወላጆቻቸው ባሕር አልተሻገሩም። አየር ጤና ላይ መኪና የያዘ ሰው በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልቂጤ ይገባል። ሆኖም ከእንሰት ወደ ጤፍ፣ ከጀፎረ (ከመንደሩ ሰፊ ሣራማ ጎዳና) ወደ አስፋልት፣ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው የተደረገ ጉዞ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ኮልፌ ቀራንዮ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮበታል። ለጉዳያችን የሚጠቅመን ግን የዚያው ቆጠራ ሌላ ውጤት ነው። በመላው አዲስ አበባ ብሔሬ ጉራጌ ነው ያለው 16.34 በመቶ ሲሆን፣ አፉን የፈታው በጉራግኛ ነው የተባለው 8.37 በመቶ ብቻ ነበር። ስልጤ ነኝ ያለው 2.94፣ አፉን በስልጥኛ የፈታው 1.82 በመቶ። ጋሞ 1.68፣ ቋንቋው 1.03። ከከተማዋ ጉራጌ ግማሽ ያህሉ በአባቶቹ ቋንቋ አፉን አልፈታም ማለት ነው። ቁጥሩ ከገጠር የመጡትን ወላጆችና እዚህ የተወለዱትን ልጆች ቀላቅሎ የያዘ ነው፤ ልጆቹ ለብቻቸው ቢቆጠሩ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ነገሩ የጀመረው ከከተማዋ ምሥረታ ጋር ነው። የቀቤናው መሪ ሐሰን እንጃሞ በ1881 ዓ.ም. አካባቢ በራስ ጎበና ጦር ከተሸነፈ በኋላ የጉራጌ አገር ለአዲሷ ከተማ የጉልበት ምንጭ ሆነ። ሰውየው መጥቶ ይሠራል፣ ግብሩን የሚከፍልበትን ብር ይዞ ይመለሳል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ሲዞር፣ ጉራጌውም አብሮ ዞረ። ከነፃነት በኋላ ከተሸካሚነትና ከሱቅ በደረቴ ተነሥቶ ባለ ሱቅ ሆነ። መርካቶ ሲጠበው ቤቱን ወደ ኮልፌ፣ ቀጥሎም ወደ ቤተል፣ አየር ጤናና አለም ባንክ ወሰደ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ከተማ የሚገባው ወንዱ ነበር። ሚስት አገር ቤት ቀርታ እንሰቱን ትተክላለች፣ ትፍቃለች፤ ባልየው ለመስቀል ወይም ለአረፋ ይገባል፤ ልጅ እዚያው ተወልዶ ቋንቋውን ጠግቦ ያድጋል። ከዚያ በአሥር በአሥራ ሁለት ዓመቱ አጎቱን ተከትሎ ሊስትሮ ሊሠራ ይመጣል። ስለዚህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ «ከተሜው ጉራጌ» የሚባለው ሰው በየትውልዱ ከገጠር የሚታደስ ነበር። ከተማ የተወለደው ልጅ የበዛው ሚስቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲመጡ ነው። ቋንቋው መንገድ ላይ አልጠፋም፤ የተቋረጠው እናት ከእንሰቱ ስትለይ ነው ቢባል ስህተት አይመስለኝም።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ጉራግኛ የምንለው አንድ ቋንቋ አይደለም። የቸሃ ሰው የክስታኔን (የሶዶን) ንግግር እንደ ልቡ አይሰማም። አባት ከቸሃ፣ እናት ከሶዶ ሆነው ኮልፌ ቤት ከመሠረቱ፣ የቤቱ ቋንቋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አማርኛ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ቀበሌውም አማርኛ ነው። ከዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ንቀቱ ነበረ። «ጉራጌ» የሚለው ቃል በከተሜው አፍ የተሸካሚ ሌላ ስም ሆኖ የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ልጁ በክፍል ጓደኞቹ እንዳይሳቅበት ብሎ ስሙን የቀየረ፣ እንግዳ ሲመጣ ቋንቋውን በሹክሹክታ ያደረገ ወላጅ ስንት ነው! ዛሬ ያው ልጅ «ለምን አላስተማራችሁኝም?» ሲል ይወቅሳል። ወላጁ የሚመልሰው ቢያጣ አይፈረድበትም።

ታዲያ ምን ቀረ? ብዙ ነገር። ከቋንቋው ይልቅ የጸናው የቀን መቁጠሪያው ነው። መስከረም ሲገባ ኮልፌ ይለወጣል። አየር ጤና መናኸሪያ በሰው ይጨናነቃል፤ ሱቆች «ለበዓል አገር ቤት ሄደናል» በሚል ዝምታ ይዘጋሉ፤ ለወትሮው ሰው የሚጋፋበት የመርካቶ መንገድ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ይሆናል። አገር ቤት የሚደርሰው ከተሜ ልጅ የልጆች ደመራ ያያል፣ የጎመን ክትፎ ቀን ይውላል፣ እርዱን ይጠብቃል። ክትፎው በጣባ ሲቀርብለት፣ ቆጮው ሲቆረስለት ማንም ቋንቋ አይፈትነውም። የስልጤው ልጅ ደግሞ ለአረፋ ወደ ወራቤ አቅጣጫ ይጎርፋል። የእናቶች በዓል የሆነው አንትሮሽትም እየተነቃቃ ነው፤ «አዶት» (እናት) የሚለውን ቃል እንኳ ብዙ የከተማ ልጅ እናቱን ሊያሞግስ ሲፈልግ ይመርጠዋል።

እግሩም አልከዳውም። በአዲስ አበባ ሠርግ ጉራግኛ ሲመታ ቁጭ የሚል የለም፤ ግጥሙን የማይተረጉም ልጅ ጭፈራውን ከማንም በላይ ይጨፍረዋል። ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1941 እዚሁ አዲስ አበባ ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። የከተማ ልጅ ሆኖ የዓለምን መድረክ የረገጠው በአብዛኛው በአማርኛ ዘፈኖቹ ነው። ሥነ ጽሑፉ በአንጻሩ ቀጭን ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልብ ወለድ በወልፍ ሌስላው ተተርጉሞ «የሽነጋ መንደር» በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በራሱ ቋንቋ ተጽፎ በሰው ቋንቋ የታወቀ መጽሐፍ መሆኑ የነገሩን ጠባይ ይናገራል።

በውጭ ስለሚያድጉ የቻይና ልጆች የሚነገረውን ያነበበ ሰው ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። ካንቶንኛ ተናጋሪዎች በባዕድ አገር የተወለደውን ልጅ «ጁክሲንግ» ይሉታል፤ አንጓ ያለው ቀርከሃ እንደ ማለት ነው፤ በአንዱ ጫፍ የፈሰሰው ውሃ በሌላው አይወጣም። ልጁ ከወዲያም ከወዲህም አልሆነም ለማለት ነው። አጠና ተራ የሚውል ሰው በዚህ ስድብ ላይ ሳይከራከር አይቀርም፤ ቀርከሃን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ያው አንጓው ነውና። እነዚያ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የቻይንኛ ትምህርት ቤት ይላካሉ። ኮልፌ ቅዳሜ የሚላኩበት የጉራግኛ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ መድረሳና ሰንበት ትምህርት ቤት ግን ሞልቷል። ሃይማኖት ቋንቋ ያላገኘውን ወንበር አግኝቷል።

የሁለቱ ታሪክ በእጅጉ የሚገናኘው ግን በመንገድ ላይ ነው። ቼን ይሺ የተባለ ሲያትል ውስጥ የኖረ ቻይናዊ ወደ ትውልድ አገሩ ታይሻን ተመልሶ፣ በውጭ ካሉ የአገሩ ልጆች በተሰበሰበ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ሥራው በ1920 ተጠናቀቀ፤ በጃፓን ወረራ ጊዜ ግን ሐዲዱ ተነቀለ። የእኛዎቹ ደግሞ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ መንገዶችን ለመሥራት ማኅበር አቋቋሙ። ከመርካቶ ሱቅ፣ ከቀን ሠራተኛው ኪስ ሳይቀር መዋጮ ተሰበሰበ። በዚያው ዘመን ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ሌላ ማኅበር ቆመ፤ ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በዚህ ማኅበር ላይ ያተኮረ ነበር። ልጆቻቸው ዛሬ ለመስቀልና ለአረፋ የሚነዱበት መስመር መነሻው የአባቶቻቸው መዋጮ ነው። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። የታይሻኑ ሐዲድ ተነቅሏል፤ የእኛው መንገድ አለ።

ማኅበራዊ ኑሮው የቆመው በዕድር ላይ ነው። አባት ሁለት ዕድር አለው፤ አንዱ የሰፈር፣ ሌላው የአገር ልጆች። በሰፈሩ ዕድር ከአማራው፣ ከኦሮሞው፣ ከትግሬው ጋር አብሮ ድንኳን ይተክላል፤ በአገር ልጆች ዕድር ከወንዙ ልጆች ጋር ይቀመጣል። ልጅ ጎጆ ሲወጣ የሰፈሩን ይይዛል። የአገር ልጆቹን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አባቱ ሲታመም ወይም ሲሞት፣ በአባቱ ፈንታ ነው። ስብሰባው ላይ ወጣቱ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎቹ ሲቀልዱ ግማሹ ይገባዋል። ዕቁቡ ግን ሌላ ነው፤ ገንዘብ ያለበት ቦታ ወጣቱ ራሱ ጸሐፊ ሆኖ ይገኛል።

ሞትም የራሱን ሥራ ሠርቷል። በፊት አገር ቤት መቀበር ለብዙው የክብር ጉዳይ ነበር። ሙስሊሙ ግን ሟቹን ሳያውል ሳያሳድር ስለሚቀብር ሬሳ ይዞ መሄድ አይመቸውም፤ ስለዚህ ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ውስጥ አያቶችና አባቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አያቱ እዚህ የተቀበሩለት ልጅ «አገርህ የት ነው?» ሲባል ወራቤ ይበል ኮልፌ፣ ለኔ ሁለቱም እውነት ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ቋንቋ ሳይሆን ሕመም የሰበሰባቸው ሰዎች ልጆችም አሉ፤ ሳላነሣቸው ማለፍ አልችልም። ዘነበ ወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1934 የተከፈተው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በ1965 አለርት ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡት ከዳኑ በኋላም ወገን አልቀበል ስላላቸው በዙሪያው ቤት ቀለሱ፤ ተጋቡ፤ ወለዱ። ልጆቻቸው ጤነኞች ሆነው ሳለ የሰፈሩን ስም መናገር ይከብዳቸው ነበር፤ ሥራ ሲፈልጉ ጦር ኃይሎች ነን የሚሉ ነበሩ። የአገር ልጆች ዕድር የላቸውም፤ አገራቸው ሰፈሩ ነው። የእናቶቻቸው የፈትልና የጥልፍ ሥራ ግን እዚያው አለርት ግቢ ሲሸጥ ኖሯል።

የጋሞዎቹ መንገድም የተለየ ነው። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ያሉት በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ነው፤ ኮልፌ ያሉት ቁጥራቸው ያንሳል። ልጅ ከአባቱ ጋር ድውሩ ላይ ሲቀመጥ ሙያውንና ቋንቋውን አንድ ላይ ይማራል። ይህ ሲነገር ያምራል፤ ከጋሞ ተራሮች በዘመድ ስም ወጥተው ትምህርት ሳያዩ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ የቀሩ ልጆች እንዳሉ ግን መርሳት አይገባም። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ቋንቋውን ቢያጣ እኔ የማዝነው በልክ ነው።

ባለፉት ዓመታት ፖለቲካው ነገሩን ቀሰቀሰው። በ1993 ዓ.ም. ስልጤ በሕዝበ ውሳኔ ራሱን ከጉራጌ ለየ፤ ኮልፌ ላይ አንድ የነበረ ዕድር ውስጥ ጥያቄው በሹክሹክታ ገባ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት፣ ጉራጌ ለብቻው ክልል ይሁን በሚለው ክርክር ውስጥ በስልካቸው ከሚጽፉት መካከል ወልቂጤን ያየው ለመስቀል ብቻ የሆነ ወጣት ብዙ ነበር። ደስ የሚለው ኳሱ ነው። ወልቂጤ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ «ሠራተኞቹ» እያለ የጮኸው የአዲስ አበባ ልጅ፣ አያቶቹ የተሰደቡበትን ሥራ የኩራት ስም አድርጎ ነው የጮኸው።

ልጆቹ ቋንቋውን ይማሩት ዘንድ የሚጮኹ አሉ፤ ይጩኹ። እኔ የምለምነው ቀለል ያለ ነገር ነው። የእነዚያ የመንገድ ማኅበራትና የአገር ልጆች ዕድሮች ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ማን ስንት ብር እንዳዋጣ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደተላከ በሰማያዊ ቀለም ሰፍሯል። «እሰማለሁ፤ አልናገርም» የሚለው ልጅ ይህን አቀላጥፎ ያነበዋል። ሰፈሮች እየፈረሱ፣ ነባር ነዋሪ ወደ ኮንዶሚኒየም እየተበተነ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ መዝገቦቹ ከአሮጌ ሳጥን ጋር ለቆራሌው እየተሰጡ ነው። አባትዎ የዕድር ጸሐፊ ከነበሩ፣ እባክዎ ከመጣልዎ በፊት ደብተሩን ይግለጡት።