ያረጀ የንግድ ድረ ገጽ፦ ይጠገን፣ እንደ አዲስ ይሠራ ወይስ ይዘጋ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2021 አዶቢ ኩባንያ ፍላሽ በተሰኘው ሶፍትዌሩ የሚሠሩ ይዘቶች እንዳይከፈቱ አገደ። ሙሉ በሙሉ በፍላሽ የተገነቡ የምግብ ቤቶችና የሱቆች ድረ ገጾች ባዶ ሆነው ቀሩ። ባለቤቶቻቸው የነኩት ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ቴክኖሎጂ ነው። ከዚያ አስቀድሞም፣ በ2018፣ ጎግል ክሮም መረጃን ሳያመሰጥሩ የሚያስተላልፉ ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» በሚል ምልክት ማሳየት ጀምሮ ነበር።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? መልሱ እንደ እርጅናው ዓይነት ይለያያል። የጎደለው የደኅንነት ሰርተፊኬት ብቻ ከሆነ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ተቋም በነጻ ይገኛል። የተሳሳተው ዋጋና ስልክ ቁጥር ከሆነ ማረም ይበቃል። በእጅ ስልክ የማይነበብ ወይም ማሻሻያ በተቋረጠበት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ከሆነ ግን እንደ አዲስ መገንባቱ ይመረጣል። ያን ጊዜም የቀድሞዎቹ ገጾች አድራሻዎች ወደ አዲሶቹ እንዲመሩ ካልተደረገ፣ በፍለጋ ውጤቶች ለዓመታት የተገነባው ቦታ ሊታጣ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የዶሜይን ስሙን ሳያድሱ መተው ነው። የምዝገባ ጊዜው ያለፈበትን ስም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። በዚያ ስም ወደተከፈቱ የኢሜይል አድራሻዎች የሚላኩ መልእክቶች፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያዎች ጭምር፣ በአዲሱ ባለቤት እጅ ይገባሉ። ስለዚህ ድረ ገጹን ለመዝጋት የወሰነ ነጋዴ እንኳ ስሙን በእጁ ማቆየት ይኖርበታል። ገጽ በሌላ ገጽ ይተካል፤ ደንበኞች የሚያውቁት ስም ግን አንዴ ካመለጠ መመለሱ ያጠራጥራል።