በአካል ጉዳት ክስ ውስጥ የመግደል ሐሳብ በምን ይታወቃል?

አንድ ሰው ባላጋራውን በዱላ ራሱን መትቶ ጣለው እንበል። የተመታው ሰው ብዙ ቀን ተኝቶ ዳነ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዐቃቤ ሕጉ «ሊገድለው ሞክሯል» ይላል፤ ተከሳሹም «መታሁት እንጂ ልገድለው አላሰብሁም» ሲል ይመልሳል። ዱላው ያው ነው፤ ቁስሉም ያው ነው። ክርክሩ የሚነሣው በዓይን በማይታየው ነገር፣ ይኸውም በመቺው ሐሳብ ላይ ነው።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አለመሆኑን ቅጣቱን በማየት እንረዳለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ555ኛው አንቀጽ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰውን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት፣ ወይም ከ1 ዓመት በማያንስ ቀላል እሥራት ይቀጣል። ተራ የሰው ግድያ ግን በ540ኛው አንቀጽ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስከትላል። የሙከራው አንቀጽ 27ም ሞካሪው ሊፈጽመው ባሰበው ወንጀል ቅጣት እንዲቀጣ ያዛል፤ ዳኛው እንደ ሁኔታው ቅጣቱን ሊያቀልለት መቻሉ ሳይዘነጋ ነው።

ሐሳብ ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳው አንቀጽ 58 ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የዚህ ነገር ቦታ ይኸው ቁጥር ነበረ። ሕጉ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ያውቃል። አንደኛው፣ አድራጊው ውጤቱን አውቆና ፈልጎ ሲሠራ ነው። ሁለተኛው፣ ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «ቢደርስም ይድረስ» ብሎ ሲሠራ ነው። ሊደርስ እንደሚችል እያሰበ «አይደርስም» ብሎ በከንቱ የተማመነ ሰው ግን ቸልተኛ ነው እንጂ አስቦ አድራጊ አይባልም። በዚሁ አንቀጽ ማንም ሰው ካሰበው ባለፈ ነገር አይፈረድበትም፤ የቸልተኝነት ድንጋጌዎች ብቻ እንደ ተጠበቁ ይቀራሉ።

እንግዲህ የሰው ልብ ተከፍቶ የማይታይ ስለ ሆነ ዳኛው ከውጭው ወደ ውስጡ መሄድ ግድ ይሆንበታል። መጀመሪያ የሚታየው መሣሪያው ነው። ጠመንጃን ከቅርብ ወደ ደረት አነጣጥሮ የተኰሰ ሰው «ላስፈራራ ብዬ ነው» ቢል የሚያምነው አይገኝም። ዱላ ግን በገጠራችን መንገደኛውም እረኛውም ይዞት የሚውል ነገር ነው፤ በእጁ መገኘቱ ብቻ ምንም አያስረዳም። ቢላዋም ቢሆን ከቤት ተስሎ የመጣው ከማዕድ ላይ ድንገት ከተነሣው ይለያል። ቀጥሎ የተመታው የአካል ክፍል ይመረመራል፤ ራስ፣ አንገትና ሆድ ከእግርና ከክንድ ጋር አንድ አይደሉም። ነገር ግን በጨለማ፣ በግርግር፣ ሁለቱም እየተናነቁ ሳሉ የተሰነዘረ ምት የት እንደሚያርፍ መቺው ራሱ አያውቅምና፣ ቦታው የሚመሰክረው መርጦ መምታቱ ሲረጋገጥ ነው።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው መቺው ያቆመበት ምክንያት ነው። ባላጋራው ወድቆ፣ የሚያግደው ሰው ሳይኖር፣ ሁለተኛ ሳይደግም ትቶት የሄደ ሰው ሊገድል መጥቶ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ሊደግም ሲል ገላጋይ እጁን የያዘው ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቂምና ዛቻም ይጠየቃል። ሆኖም «እገድልሃለሁ» የሚለው ቃል በጠብ መካከል ከስንቱ አፍ እንደሚወጣ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ በተረጋጋ ጊዜ ለሦስተኛ ሰው የተነገረ ዛቻ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

የሐኪም ማስረጃ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይታመናል። ሐኪሙ የቁስሉን ጥልቀትና ለሕይወት አስጊ መሆኑን ይናገራል እንጂ የመቺውን ሐሳብ ሊናገር አይችልም። አንቀጽ 555 ራሱ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ቁስልን ከከባድ የአካል ጉዳት ይቆጥረዋልና፣ «ሊሞት ነበር» ማለት ብቻውን «ሊገድለው ነበር» ማለት አይደለም። በተቃራኒውም የተተኰሰበት ጥይት ስቶት ምንም ያልቈሰለ ሰው የግድያ ሙከራ ተበዳይ ሊሆን ይችላል።

አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይቀራል። «ቢሞትም ይሙት» ብሎ የመታ ሰው፣ ተመቺው ቢሞት አስቦ እንደ ገደለ ይቈጠራል። ተመቺው ቢድንስ ሞካሪ ነውን? ነው የሚል ሰው አንቀጽ 58 ሁለቱን ሐሳቦች እኩል አድርጓል ብሎ ይከራከራል። እኛ ግን አንቀጽ 27 የተጀመረው ድርጊት በግልጽ ወንጀሉን ለመፈጸም ያለመ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ለሞቱ ግድ የሌለው ሰው ወደ ሞት አልሟል ለማለት ይከብዳል እንላለን። እንዲህ ያለው ሰው ባደረሰው ጉዳት ልክ ቢጠየቅ ለሕጉ ቃል የቀረበ ይመስለናል።

የማስረዳቱ ሸክም በዐቃቤ ሕግ ላይ ስለ ሆነ፣ የመግደል ሐሳብ ሲያጠራጥር ጥርጣሬው ለተከሳሹ ይጠቅማል። ይህ ማለት ግን ተከሳሹ በነጻ ይሄዳል ማለት አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 113 ከተከሰሰበት ያነሰ ወንጀል መፈጸሙ በማስረጃ የተገለጠበት ሰው፣ በክሱ ባይጠቀስም እንኳ፣ በዚያው ባነሰው ወንጀል እንዲፈረድበት መንገድ ሰጥቷል።